መንገድ የሚለቀው ማን ነው? የባለ ሸራ መርከቦች ሕግ በቀይ ባሕር

ሱዳኖች ሰቲት የሚሉትን የተከዜን ወንዝ በሐምዳይት በኩል በጀልባ ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ ምድር የገባ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ውኃው በሞላበት ወራት ከዳር ወደ ዳር የምትቀዝፍ ጀልባ ቀጥ ብላ አትሄድም። ወራጁ እየገፋ ዝቅ ያደርጋታል፤ ቀዛፊውም ያንን አስልቶ ከፍ ብሎ ይነሣል። ታዲያ በዚያው ሰዓት ከላይ በወራጁ ላይ ተጭና የምትመጣ ሌላ ጀልባ ብታጋጥመው መንገድ መልቀቅ ያለበት ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ መልስ ካገኘ 3,700 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ካወጣቸው ሕጎች መካከል 240ኛው እንዲህ ያለውን ግጭት ይመለከታል። ወደ ላይ የምትወጣ ጀልባ ወደ ታች የምትወርደውን ገጭታ ካሰጠመቻት፣ የሰጠመችው ጀልባ ባለቤት የጠፋበትን ንብረት በአምላክ ፊት ምሎ ይዘረዝራል፤ ወደ ላይ የምትወጣዋ አለቃም ጀልባውንና የጠፋውን ሁሉ ይከፍላል። ሕጉ ምክንያቱን አይናገርም። ነገር ግን ለጀልባ ሰው ግልጽ ነው፤ ወደ ላይ የምትወጣው በሰው ኃይል የምትንቀሳቀስ ስለሆነች መቆምም መዞርም ትችላለች፣ የምትወርደው ግን ውኃው ወደ ወሰዳት ትሄዳለች። ስለዚህ የሚችለው ለማይችለው ይለቃል። ከዚያ ወዲህ የወጡት የባሕር መንገድ ሕጎች በብዛት ይህንኑ ሐሳብ የሚከተሉ ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም ሐሳቡን የተዉ ናቸው። የተዉበት ጊዜ ደግሞ ከተከተሉበት ይልቅ ብዙ የሚያስተምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኡም ራኩባ ከባሕር ሩቅ ናት። ይሁን እንጂ የገዳሪፍ ሰሊጥና ማሽላ ወደ ውጭ የሚወጣው በባሕር ነው። በ1920ዎቹ ከከሰላ ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድና በ1980 የተጠናቀቀው የአስፋልት መንገድ ይህን አውራጃ ከፖርት ሱዳን ጋር ያስተሳስሩታል። ከዚያም በፊት ቢሆን የግመል ቅፍለት ከዚህ አካባቢ ተነሥቶ በከሰላ በኩል ወደ ሱዋኪን ይወርድ ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም ለብዙ ዘመን የሱዋኪንን መንገድ ይዘዋል። ስለዚህ የባሕሩን መንገድ ነገር ከሱዋኪን መጀመር ለዚህ አገር አንባቢ እንግዳ አይሆንም።

ሱዋኪን የምትገኘው ነፋስ ከነፋስ በሚገናኝበት ሥፍራ ነው። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ዓመቱን ሙሉ የሚነፍሰው ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ ነው። በደቡቡ ክፍል ግን ነፋሱ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። በበጋ፣ ማለትም ከጥቅምት አንሥቶ እስከ ሚያዝያና ግንቦት ድረስ፣ ከባብ ኤል መንደብ በኩል የሚገባው የደቡብ ነፋስ ወደ ሰሜን ይገፋል፤ በክረምት ደግሞ የሰሜኑ ነፋስ እስከ ታች ይወርዳል። በበጋው ወራት ሁለቱ ነፋሳት የሚገናኙት በ18ኛውና በ20ኛው የኬክሮስ መስመር አካባቢ፣ በሱዋኪንና በፖርት ሱዳን ፊት ለፊት ነው። ከምፅዋ ሸራዋን ዘርግታ የተነሣች ሳምቡክ እስከዚያ ድረስ በጀርባዋ ነፋስ ስትነዳ ቆይታ ከዚያ በኋላ ነፋሱ ፊቷን ይመታታል። ነፋስ ፊቷን የሚመታት ባለ ሸራ መርከብ ደግሞ ቀጥ ብላ መሄድ አትችልም። አንድ ጊዜ ነፋሱን በቀኝ ጎኗ፣ አንድ ጊዜ በግራ ጎኗ እየያዘች ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች ትወጣለች። የባሕር መንገድ ጥያቄ የሚከብደውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ መርከበኛ ሌላው ወዴት እንደሚታጠፍ ቀድሞ ማወቅ አለበት።

በ1541 የፖርቱጋል መርከቦች ይህን በሚገባ ቀምሰውታል። የኢስቴቫዎ ዳ ጋማ ጦር በየካቲት ወር ከምፅዋ ተነሥቶ ወደ ስዌዝ ሲያመራ ትልልቆቹን ባለ ሸራ መርከቦች በምፅዋ ትቶ መቅዘፊያ ያላቸውን ትናንሾቹን ይዞ ሄደ። አብሮ የነበረው ዮዋዎ ደ ካስትሮ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የውኃውን ጥልቀትና የእያንዳንዱን ወሽመጥ መልክ እየመዘገበ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። የሱዋኪንን ወደብ እጅግ ያደነቀውን ያህል የዚያው ጦር ሰዎች ከተማዋን ዘርፈው አቃጥለዋታል። ከዚህ ጉዞ በኋላ ነው የኢስቴቫዎ ወንድም ክሪስቶቫዎ 400 ወታደሮች ይዞ አፄ ገላውዴዎስን ሊረዳ ከምፅዋ ወደ ደጋው የወጣው። ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ በደንብ ይታወቃል፤ የነፋሱ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል።

በጥንቱ ቀይ ባሕር መርከበኞች የመንገዱን ችግር የፈቱት በአብዛኛው በጽሑፍ ሕግ አልነበረም። ሌሊት ባለመሄድ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ፕሮኮፒየስ ባሕሩ በውኃ ውስጥ ቋጥኝ የተሞላ በመሆኑ በሌሊት መጓዝ እንደማይቻል፣ ሆኖም መርከቦች ሲመሽ የሚጠጉባቸው ወደቦች ብዙ እንደሆኑ ይናገራል። በሱዳን ጠረፍ «መርሳ» የሚል ስም ያላቸው ወሽመጦች እንዲያ መብዛታቸው ከዚሁ ልማድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቃሉ በዐረብኛ መልሕቅ የሚጣልበት ማለት ነው። ያው ፕሮኮፒየስ በዚያ ባሕር የሚሄዱት መርከቦች በሚስማር የተመቱ ሳይሆኑ በገመድ የተሰፉ እንደነበሩ ይገልጻል፤ ብረቱን የሚስብ ማግኔት በባሕሩ ውስጥ ስላለ ነው የሚለውን ወሬም ተረት ነው ብሎ ይጥለዋል። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ በ525 ገደማ ወደ ሂምያር ሲዘምት የተጠቀመባቸው መርከቦች ከአይላ፣ ከቅሊስማ፣ ከበረኒቄና ከፈረሳን የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ይህን ያህል መርከብ በአዱሊስ ወሽመጥ ሲከማች ማን ለማን እንደሚለቅ የሚያዝ አንድ ሰው መኖሩ አይቀርም።

ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በሜዲትራኒያን የተዘጋጀውና የሮድስ የባሕር ሕግ የሚባለው ስብስብ ግን ስለ ሌሊት ግልጽ ቃል አለው። ሸራ ዘርግታ የምትሄድ መርከብ በቀን ብርሃን የቆመችውን ብትገጭ ጥፋቱ የምትሄደዋ ነው። በሌሊት ከሆነ ግን የቆመችው መርከብ ሰዎች እሳት ማብራት አለባቸው፤ እሳት ከሌላቸው ይጩኹ፤ ይህን ሳያደርጉ ቀርተው አደጋ ቢደርስ ጉዳቱን የሚችሉት ራሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ ሕጉ ለደካማው ያዝናል፤ ነገር ግን ራሱን እንዲያሳይ ያስገድደዋል። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ቢይዘው መልካም ነው።

የስኮትላንዱ ተወላጅ ጀምስ ብሩስ በ1769 ምፅዋ የደረሰው በሳምቡክ ዓይነት መርከብ ነው። ቀደም ሲል ከግብፅ ጠረፍ የተሳፈረባት መርከብ ሳንቃዎቿ የተሰፉ፣ አንድ ሚስማር እንኳ የሌለባት እንደነበረች ጽፏል፤ ከፕሮኮፒየስ ዘመን ወዲህ ከ1,200 ዓመት በላይ ሲያልፍ አሠራሩ አልተለወጠም ማለት ነው። ብሩስ በ1772 ከጎንደር ወደ ስናር ሲመለስ በራስ ኤል ፊል፣ ማለትም በዛሬዎቹ መተማና ጋላባት አካባቢ በኩል ነው ያለፈው። የቀይ ባሕርን ሸራ ቀምሶ የዚህን አገር ቆላም በእግሩ የለካ ተጓዥ መሆኑ ነው።

የሳምቡክ ሸራ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በደቀሉ ላይ በተንጠለጠለ ረጅም ሰያፍ እንጨት ይያዛል። ከአውሮፓ መርከብ የሚለይበት ዋናው ነገር አዟዟሩ ነው። የአውሮፓ ጀልባ ነፋሱን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ለማዛወር ስትፈልግ አፍንጫዋን በነፋሱ ውስጥ አሳልፋ ትታጠፋለች። ሳምቡክ ግን እንደዚያ ብታደርግ ረጅሙ እንጨትና ሸራው በደቀሉ ላይ ይለጠፍባታል። ስለዚህ ጀርባዋን ለነፋስ ሰጥታ ሰፊ ክብ ትዞራለች፤ መርከበኞቹም በዚያ መካከል እንጨቱን አቁመው በደቀሉ ፊት ወደ ሌላው ጎን ያዞሩታል። ይህ ሥራ ብዙ እጅና ሰፊ ቦታ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ ብዙ ደክማ ያተረፈችውን መንገድ በከፊል ታጣለች። አውስትራሊያዊው መርከበኛ አለን ቪልየርስ በ1938 እና በ1939 በዐረብ መርከቦች ተሳፍሮ በቀይ ባሕርና በምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ ሲጓዝ ይህን አዟዟር በዝርዝር ተመልክቶ ጽፎታል። ለናኾዳው፣ ማለትም ለመርከቡ አለቃ፣ «ዙርና መንገድ ልቀቅ» የሚለው ትእዛዝ ቀላል አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ የተጻፈው ሕግ የመጣው ከየት ነው? ዛሬ ዓለም የሚመራበት ሕግ ሥሩ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ነው፤ ያስወለደውም የእንፋሎት መርከብ ነው። እስከዚያ ድረስ መርከበኞች በልማድ ይተዳደሩ ነበር። በ1840 የለንደኑ ትሪኒቲ ሐውስ የተባለው የመርከበኞች ማኅበር ልማዱን በጽሑፍ አወጣው። ነፋስ የተመቻት መርከብ ከነፋስ ጋር ለምትታገለው ትለቃለች፤ ሁለቱም የሚታገሉ ከሆነ ነፋሱን በግራ ጎኗ የያዘችው በቀኝ ለያዘችው ትለቃለች፤ ባለ እንፋሎቷ ደግሞ ሁልጊዜ ነፋስ እንደተመቻት ትቆጠራለች። የሐሙራቢ ሐሳብ እንደገና ብቅ አለ ማለት ይቻላል።

በ1863 እንግሊዝና ፈረንሳይ በአንድ ደንብ ተስማሙ፤ ሌሎች መንግሥታትም በፍጥነት ተቀበሉት። ግን ደንብ መኖሩ ብቻ አላዳነም። በኅዳር 1873 ቪል ዱ አቭር የተባለችው የፈረንሳይ ባለ እንፋሎት መርከብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሎክ ኧርን ከተባለች ባለ ሸራ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች፤ 226 ሰዎች ሞቱ። በኋላ ዝነኛ መዝሙር የደረሰው አሜሪካዊው ስፓፎርድ አራት ሴት ልጆቹን ያጣው በዚህ አደጋ ነው። በ1889 በዋሽንግተን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተጠርቶ ደንቡ ተስፋፋና በ1897 በሥራ ላይ ዋለ።

የዋሽንግተኑ ደንብ ለባለ ሸራ መርከቦች አምስት ትእዛዛት ነበሩት። ነፋስ ተመችቷት በነፃ የምትሄደው ነፋሱን ለምትታገለው ትልቀቅ። ሁለቱም ቢታገሉ ነፋሱን በግራ የያዘችው በቀኝ ለያዘችው ትልቀቅ። ሁለቱም በነፃ ቢሄዱና ነፋሱ በተለያየ ጎናቸው ቢሆን አሁንም በግራ የያዘችው ትልቀቅ። ነፋሱ በአንድ ጎናቸው ከሆነ በነፋሱ መምጫ በኩል ያለችው በመሄጃው በኩል ላለችው ትልቀቅ። ነፋሱ ከጀርባዋ የሆነላት ደግሞ ለሁሉም ትልቀቅ። ቀኝ ከግራ ለምን በለጠ የሚል ቢኖር ሁሉም አንዱን መምረጥ ስለነበረበት ነው ከማለት የተሻለ መልስ የለም።

የመኪና መንገድም እንደዚያው ነው። ኢትዮጵያ እስከ 1964፣ ሱዳንም እስከ 1973 ድረስ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነበር፤ በየዓመታቸው ወደ ቀኝ ተዛወሩ። በመካከሉ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት የመተማንና የጋላባትን ድንበር የተሻገረ ሾፌር ድልድዩን ሲያልፍ የሚነዳበትን ጎን መቀየር ግድ ይለው ነበር። በየብስ ላይ ይህ ይቻላል፤ ድንበሩ ይታወቃል፣ ኬላም አለ። በባሕር መካከል ግን ኬላ የለም። አንዲት የየመን ዛሩክ፣ አንዲት የጣሊያን ባለ እንፋሎትና አንዲት የሱዋኪን ሳምቡክ በአንድ ሌሊት በአንድ ውኃ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ የባሕር መንገድ ሕግ ከሌሎች ሕጎች ቀድሞ ዓለም አቀፍ መሆኑ አያስገርምም።

ሕጉ ለሸራ ያደላል ቢባልም ለሱዋኪን ያደረገላት ነገር የለም። የሱዋኪን ወደብ ከባሕሩ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ረጅምና ጠባብ የውኃ መንገድ ነው፤ በመጨረሻው ላይ ክብ ደሴት አለች፤ የኮራል ድንጋይ ቤቶቿ የነበሩት በዚያ ላይ ነው። ለሳምቡክ ይህ ድንቅ መጠለያ ነበር። የስዌዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ የመጡት ረጃጅም ባለ እንፋሎት መርከቦች ግን በዚያ ጠባብ መንገድ መዞር አይችሉም ነበር። እንግሊዞች ሰሜኑን መርጠው በ1909 ፖርት ሱዳንን መረቁ፤ ሱዋኪንም ቀስ በቀስ ፈረሰች። ጠባብ መንገድን በተመለከተ ሕጉ ራሱ ፊቱን ያዞራል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ደንብ 9ኛ ቁጥር ርዝመቷ ከ20 ሜትር በታች የሆነች መርከብ ወይም ባለ ሸራ መርከብ ከጠባቡ መንገድ ውጭ መሄድ የማትችለውን ትልቅ መርከብ እንዳታደናቅፍ ያዝዛል። ምክንያቱም ያው የጥንቱ ነው፤ ትልቋ መርከብ በዚያ ሥፍራ መዞር አትችልም፣ ትንሿ ትችላለች። «ሸራ ያለው ሁልጊዜ ቅድሚያ አለው» እያሉ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ቁጥር አላነበቡትም።

በሌላ በኩል የባሕሩን ሕግ ያጠኑ ኢትዮጵያውያን የነበሩበት ዘመን አለ። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል በ1955 ተቋቋመ፤ በ1956 የምፅዋ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፈተ፤ ኖርዌያውያን መኮንኖችም በማሠልጠኑ ረድተዋል። በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ ሆነች። በ1960 የወጣው የባሕር ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 164፣ ስለ መርከብ ግጭት ካሣ የሚደነግግ ክፍል ነበረው። በ1956 ኮሌጁ የገባ ዕጩ መኮንን የሚማረው የዋሽንግተኑን አምስት ትእዛዝ የያዘውን የ1948 ደንብ ነበር። ከእሱ አሥር ዓመት በኋላ የገባው ግን ሌላ ተማረ።

ይኸውም በ1960 ለንደን ላይ የተዘጋጀውና ከመስከረም 1965 ጀምሮ የጸናው ደንብ አምስቱን ወደ ሁለት ስላሳጠራቸው ነው። ነፋሱ በተለያየ ጎናቸው ከሆነ በግራ የያዘችው ትልቀቅ፤ በአንድ ጎን ከሆነ በነፋሱ መምጫ በኩል ያለችው ትልቀቅ። የነፋሱ ጎን የሚባለው ዋናው ሸራ ከተዘረጋበት ተቃራኒ ያለው ነው። በቃ። የምትታገለውና የተመቻት የሚል ልዩነት ቀረ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወደ ሱዋኪን ተመልሶ ማየት ይቻላል። ወሩ ጥር ነው እንበል፤ ከሱዋኪን ደቡብ ነፋሱ ከደቡብ ደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። አንዲት ሳምቡክ ከምፅዋ ወደ ሰሜን ነፋሱን በጀርባዋ ይዛ፣ ሸራዋን ወደ ግራ ዘርግታ ትመጣለች። ሌላዋ ከሱዋኪን ወደ ምፅዋ እየታገለች ነፋሱን በግራ ጎኗ ይዛ ትወርዳለች። በአሮጌው ደንብ የምትለቀው ያለ ጥርጥር የምፅዋዋ ናት፤ ነፋስ ተመችቷታልና። በአዲሱ ደንብ ግን የምፅዋዋ ሸራ በግራ ስለሆነ ነፋሱን በቀኝ እንደያዘች ትቆጠራለች። ስለዚህ የምትለቀው ያቺ ስትታገል የመጣችው ናት፤ ለሳምቡክ ደግሞ መዞር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከላይ ታይቷል። አዲሱ ደንብ ለመማርና ለመፍረድ ይቀልላል፤ በተለይ በፍርድ ቤት «እኔ ስታገል ነበር፣ እሱ አልነበረም» የሚል ክርክር ይቀንሳል። ነገር ግን በቀላልነቱ ውስጥ የጠፋ ነገር አለ፤ እሱም የሚችለው ለማይችለው ይልቀቅ የሚለው የቆየ ፍርድ ነው።

ጥቅምት 20 ቀን 1972 በለንደን የተፈረመውና ከሐምሌ 15 ቀን 1977 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ሁለቱን ትእዛዛት በ12ኛ ቁጥር አስቀምጦ አንድ ጨመረላቸው። ነፋሱን በግራ የያዘች መርከብ በነፋሱ መምጫ በኩል ሌላዋን አይታ ነፋሱን በየትኛው ጎኗ እንደያዘች በእርግጠኝነት ማወቅ ካልቻለች ትልቀቅ። በሌሊት የሌላዋን ሸራ ለይቶ ማየት ስለማይቻል ይህ አስፈላጊ ማሻሻያ ነበር። 18ኛው ቁጥር ደግሞ ተዋረዱን ይሠራል። ባለ ሞተር ለባለ ሸራ ይለቃል፤ ባለ ሸራ ደግሞ መረብ ጥሎ ለሚያጠምድ፣ በሥራው ምክንያት መዞር ለማይችልና መሪው ለተበላሸበት መርከብ ይለቃል። ከኋላ ደርሶ የሚቀድም ግን ሸራ ይኑረው ሞተር ለሚቀድመው መልቀቅ አለበት። ቅድሚያ የተሰጣትም ብትሆን አቅጣጫዋንና ፍጥነቷን ሳትለውጥ የመሄድ ግዴታ አለባት፤ ሌላዋ የምትለቀው ይህን ተማምና ነውና። ሌላዋ ሳትለቅ ቀርታ ግጭት የማይቀር ከሆነ ግን እሷም ማምለጥ ግዴታዋ ነው። ስለዚህ ደንቡ ለማንም ቢሆን «መብት አለኝ» ብሎ የመግጨት ፈቃድ አይሰጥም።

ለቀይ ባሕር ናኾዳዎች ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን የደንቡ ቃል ሳይሆን የናፍጣ ሞተር ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሳምቡኮች ሞተር ማስገባት ጀመሩ። በደንቡ መሠረት ባለ ሸራ የሚባለው ሞተሩን እስካላሠራ ድረስ ብቻ ነው። ሸራው ተዘርግቶ ሞተሩ ቢሠራ መርከቡ እንደ ባለ ሞተር ይቆጠራል፤ ይህንንም ለማሳወቅ ጫፉ ወደ ታች የዞረ ጥቁር ሾጣጣ ምልክት መስቀል አለበት። ናኾዳው ሞተሩን ባስነሣ ቁጥር ከባለ መብት ወደ ለቃቂ ይወርዳል።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መጨረሻ ይታወቃል። ምፅዋ በየካቲት 1990 ወደቀች፤ በ1991 የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፤ «ኢትዮጵያ» በ1993 ለብረት ተሸጠች፤ ባሕር ኃይሉም በ1996 ፈረሰ። በ2010ዎቹ መጨረሻ እንደገና መቋቋሙ ተነግሯል። የባሕር በር የሌለው አገር መርከብ በራሱ ባንዲራ እንዲሄድ የሚፈቅደው የ1921 የባርሴሎና መግለጫ ስላለ የንግድ መርከቦቹ አልቆሙም። ከ2010ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር በቢሾፍቱ ባቦጋያ የሚገኘው ተቋም ለውጭ መርከቦች የሚቀጠሩ መሐንዲሶችን አሠልጥኗል። በነገራችን ላይ የለንደኑ ደንብ የሚጸናው በውቅያኖስና የባሕር መርከብ ሊደርስባቸው በሚችሉ ከእሱ ጋር በተያያዙ ውኃዎች ላይ ስለሆነ ጣናን አይመለከትም፤ የጣና ታንኳ ቀዛፊና የሞተር ጀልባ ነጂ የሚተዳደሩት በሌላ ሕግና በልማድ ነው።

ከዚህ አውራጃ ተነሥተው ወደ ባሕሩ የደረሱ ኢትዮጵያውያን ግን ደንቡን የማያውቁ፣ ባሕሩንም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩ ነበሩ። የኡም ራኩባ ስም ከቤተ እስራኤል ስደት ጋር የተያያዘው በተለይ በ1984 ነው፤ በዚያ ዓመት በጣቢያው ብዙዎች በበሽታና በረኃብ ሞተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር 1981 ከገዳሪፍ አካባቢ በጭነት መኪና ተጭነው በሌሊት የተጓዙ 164 ሰዎች ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን በዐሩስ ጠረፍ በጎማ ጀልባዎች ተሳፍረው ባት ጋሊም ወደተባለችው የእስራኤል መርከብ ተወሰዱ። ኮራሉን አልፎ ወደ ጥልቁ ውኃ መውጣት በቀን እንኳ ለልምድ መርከበኛ ከባድ በሆነበት ጠረፍ ይህ የተደረገው በጨለማ ነበር። በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ደርሰውባቸው የባሕሩ መንገድ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ በአውሮፕላን ሆነ።

በደቡብ በኩል ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሄንሪ ደ ሞንፍሬ የተባለው ፈረንሳዊ ኮንትሮባንድ ነጋዴ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሸራውን ዘርግቶ ጦር መሣሪያና ሐሺሽ ያመላልስበት ከነበረው ከኦቦክ ጠረፍ ዛሬ በትናንሽ ጀልባዎች ወደ የመን የሚሻገሩት ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ናቸው። በነሐሴ 2025 መጀመሪያ በየመን አብየን ጠረፍ ከ150 በላይ ሰው የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ብዙዎች አልቀዋል። ያ አደጋ ግጭት አልነበረም፤ ማዕበልና ከልክ ያለፈ ጭነት ነው ምክንያቱ። ሆኖም እነዚህ ጀልባዎች የሚሻገሩት ባብ ኤል መንደብ ዓለም አቀፍ መርከቦች የሚሄዱበትና የሚመለሱበት መስመር ተለይቶ የተሠመረበት ጠባብ ባሕር ነው። በደንቡ 10ኛ ቁጥር መሠረት በዚያ መስመር ከ20 ሜትር በታች የሆነች ጀልባ ትልቁን መርከብ ማደናቀፍ የለባትም። የምታመላልሳቸው ጀልባዎች አሳላፊዎች ደግሞ መታየትን ስለማይፈልጉ ጨለማን ይመርጣሉ።

ስለ ብርሃን ደንቡ የሚለው ግልጽ ነው። ባለ ሸራ መርከብ በቀኟ አረንጓዴ፣ በግራዋ ቀይ፣ ከኋላዋ ነጭ መብራት ታበራለች። ርዝመቷ ከ7 ሜትር በታች የሆነች ባለ ሸራ ጀልባ፣ እንዲሁም በመቅዘፊያ የምትሄድ ጀልባ፣ ይህን ማድረግ ካልቻለች የእጅ ባትሪ ወይም የበራ ፋኖስ በእጅ ይዛ ትጠብቃለች፤ ግጭት ከመድረሱ በፊትም በጊዜው ከፍ አድርጋ ታሳያለች። የሮድሱ ሕግ እሳት ለሌለው መጮኽን ፈቅዶለት ነበር። በዛሬዎቹ መርከቦች ላይ ግን የሚጠብቀው መኮንን ከውኃው ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ በመስተዋት ውስጥ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ነው የሚቆመው።